«እሺ» ብለሽ እንዳትወጪ

ልጄ፣ ስለ ቴራፒስትሽ በስልክ «ሴትዮዋ ጥሩ ናት፤ ግን እንጃ» ስትዪኝ ሁለተኛ እንደማትሄጂ ገባኝ። ይህን «እንጃ» በደንብ አውቀዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ለረጅም ዓመታት በሐኪምና በታካሚ መካከል ተቀምጬ ሳስተረጉም ኖሬአለሁ፤ የሥራዬም ትልቁ ክፍል የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ውስጥ ነበር። የማንንም ምስጢር አላወጣም፤ አስተርጓሚም እንደ ሐኪሙ አፉን የመያዝ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁለቱ ተነጋጋሪዎች የማያዩትን ያያል።

ያየሁት ይኸውልሽ። የእኛ ሰው ቴራፒስቱ አልስማማው ሲል አይናገርም። «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። «ባለፈው የተነጋገርነውን ሞከርከው?» ሲሉት «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ይወጣል። አሳንሰሩ ጋ ስንደርስ «እኔ እኮ እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ቆየ» የሚለኝ ስንቱ ነበር! «ይህንን ለእሷ ይንገሯት» ከማለት በቀር ሥልጣን አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ይበላሻል፤ በሌላው ሳምንት የሥራ ሰዓቱ ይቀየራል፤ ከዚያ ስልክ አይነሳም። ባለሙያዋ ፋይሉን ስትዘጋ «ተሽሎት ይሆናል» ብላ ታስባለች፤ እሱ ደግሞ «ቴራፒ ሞክሬ ነበር፣ ለእኛ አይሆንም» እያለ ለዘመድ ያወራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማን አድገናል፤ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦም መደበቅ እንደሚቻል ግን ማንም አልነገረን።

ስለዚህ «የሚሆነኝን ሰው በምን አውቃለሁ?» ላልሽው የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ልትዪው ትችያለሽ ወይ? ዲግሪውም፣ ዘሩም፣ ጾታውም፣ ዕድሜውም ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ፊቱ ስትቀመጪ ይሉኝታሽ ቀስ በቀስ የሚለቅሽ ከሆነ ይሆንሻል። ይሉኝታሽ የሚብስብሽ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ደግ ሰው ይሁን፣ ዓመት ሙሉ ሻይ ቤት የተቀመጣችሁ ያህል አውርታችሁ ትለያያላችሁ።

ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው ጥምረት በሦስት ነገር እንደሚቆም አስረድቷል፦ የት ለመድረስ እንደምትፈልጉ መስማማት፣ ለዚያ የምትሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ መስማማት፣ ሦስተኛም መተማመን። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህ ጥምረት ሲጠነክር ውጤቱም እንደሚያምር ደጋግመው አሳይተዋል። ሰው ግን ሦስተኛውን ብቻ ይዞ «ወደድኳት፣ አልወደድኳትም» ይላል። አንቺ የሄድሽው ባቡር ውስጥ ልብሽ እየደለቀ ትንፋሽ ስለሚያጥርሽ ነው። እሷ ሰዓቱን በሙሉ ስለ አባትሽ ከጠየቀችሽ፣ ምናልባት እውነት አላት፤ ምናልባትም የላትም። ነገር ግን «ወደ ባቡሩ የምንመለሰው መቼ ነው?» ብለሽ የመጠየቅ መብት አለሽ። መልሷን ስሚ። ምክንያቷን አስረድታ መንገዱን ካሳየችሽ አንድ ነገር ነው፤ ቅር ካላት ሌላ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ፣ አስቀድሞ የቤተሰብ ሐኪምሽ ደምሽን ይመርምር። የታይሮይድ ዕጢ ሲዛባም ልብ እንዲሁ ይደልቃል።)

ማን ምን እንደሆነ ደግሞ ለይተሽ እወቂ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፤ ብዙዎቹ ዛሬ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው አያወሩም። ሳይኮሎጂስት አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፣ ምርመራና ንግግር ሕክምና የሚሠራ ነው። ክሊኒካል ሶሻል ወርከርና ላይሰንስድ ካውንስለር በማስተርስ ዲግሪ ሠልጥነው፣ በሌላ ባለሙያ ሥር ብዙ ሰዓት ሠርተው ፈቃድ ያገኙ ናቸው፤ በዚህ አገር አብዛኛውን የንግግር ሕክምና የተሸከሙት እነዚህ ናቸውና «ዶክተር አይደለችም» ብለሽ እንዳትንቂ። «ላይፍ ኮች» ነኝ ለማለት ግን የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። በቲክቶክ እየመከረ የሚያስከፍል አበሻም በዝቷል፤ ከመክፈልሽ በፊት ስሙን በምትኖሪበት በቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው፤ ፈቃድ እንዳለውና ተቀጥቶ እንደሆነ በነፃ ይታያል። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ፈቃድ የሚሰጠው በስቴት ነው፤ የሚቆጠረውም በቀጠሮው ሰዓት አንቺ ያለሽበት ስቴት ነው። አንቺ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠሽ በቪዲዮ የምታነጋግሪው ሰው የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ካለው ላይቀበልሽ ይችላል። ሳይኮሎጂስቶች ስቴቶች የተስማሙበት ሳይፓክት የሚባል ውል ስላላቸው፣ በእሱ የተመዘገቡት ወሰን ተሻግረው ማከም ይችላሉ።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልበልሽ። ገና 26 ስላልሞላሽ በአባትሽ ኢንሹራንስ ላይ ነሽ። ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ለዋናው ባለቤት፣ ማለትም ለአባትሽ ቤት ነው። ስንቱ ልጅ የተያዘው በዚህ ደብዳቤ ነው! ደውለሽ ደብዳቤው ለአንቺ ብቻ፣ በሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይል እንዲላክልሽ ጠይቂ። ኢንሹራንሱ በሚሰጥሽ የስም ዝርዝር ውስጥ ግማሹ አዲስ ሰው አልቀበልም ቢልሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ሁሉንም ሰው የሚገጥም ነው። ከኪስሽ የምትከፍዪ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ባለሙያው የሚያስከፍልሽን ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። እንደ ገቢ የሚቀንሱም አሉ፤ ሳትጠይቂ ግን አይነግሩሽም። የሚሠለጥኑ ተማሪዎች በመምህር ቁጥጥር የሚያክሙባቸው የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮችም በርካሽ ያያሉ። መሥሪያ ቤትሽም ለሠራተኛ ጥቂት ነፃ ቀጠሮ የሚሰጥ ፕሮግራም ይኖረው ይሆናል፤ ብዙ ሰው እንዳለው ሳያውቅ ሥራ ይለቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አበሻ ይሻለኛል ወይስ ፈረንጅ?

አበሻ ሲሆን የሚቀልልሽ ብዙ ነው። ለስድስት ሰው ብር መላክ ማለት ምን እንደሆነ፣ የአያትሽ ተዝካር ላይ አለመገኘትሽ ለምን እንደሚያንገበግብሽ፣ እናትሽን «አይሆንም» ማለት ለምን አንድ ቃል ብቻ እንዳልሆነ አታስረጂም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሁለታችሁም የምታውቁት ስለሚመስላችሁ ሳትነጋገሩ ታልፉታላችሁ። «ያው ታውቂዋለሽ» ስትዪ «አዎ» ካለችሽ፣ ያላወራችሁት ነገር አለ። ጎበዟ አበሻ ቴራፒስት «እኔ ባውቀውም አንቺ ንገሪኝ» ትላለች።

ከዚያም ፍርሃቱ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለነው ሁላችንም በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ማኅበር እንተዋወቃለን። ወሬ ይወጣብኛል ብለሽ ብትሰጊ አልፈርድብሽም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ግን ምስጢር ካወጣ እንጀራው ይቋረጣል፤ ምስጢሩ የሚከፈተውም በታወቁ ጥቂት ምክንያቶች ነው፦ ራስሽን ወይም ሌላን ሰው ልትጎጂ ከሆነ፣ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ እየተበደለ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ። በመጀመሪያው ስልክ ላይ «ጥምቀት ላይ ብንገናኝ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። «አንቺ ሰላም ካላልሽኝ ሰላም አልልሽም» ካለችሽ ሥራዋን ታውቃለች። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ እናትሽንማ አውቃታለሁ» ካለችሽ ስልኩን በአክብሮት ዝጊው።

ሌላም አለ፤ እኛ ሰዎች የማንናገረው። ስምሽን ሰምታ ከየት እንደሆንሽ ገምታለች፤ አንቺም ገምተሻል። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ይህ ግምት ከብዷል። ወንድምሽን ያጣሽበትን ነገር እያወራሽ በሆድሽ «ይቺ ሰው በየት በኩል ናት?» የምትዪ ከሆነ ሕክምናው አይሠራም። ይህን መጠርጠር ነውር አይደለም። «እኔ የእንትን አገር ሰው ነኝ፤ ስለ ጦርነቱ ስናገር እንዴት ትሰሚኛለሽ?» ማለት ይቻላል። በዚህ ጥያቄ የማትደነግጥ ሰው ካገኘሽ ይዘሻት ቆዪ።

ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ወሬው አያሳስብሽም፤ ማንም የማያውቅሽ ቦታ መናገር ዕረፍት አለው። ግን ተጠንቀቂ። ለቤተሰብ ብር መላክሽን ሰምቶ እንደ በሽታ የሚያይ አለ። «ለእናትሽ ገደብ አብጂ» ብሎ በሦስተኛው ቀጠሮ የሚያዝሽም አለ፤ ትክክል ቢሆን እንኳ እንዴት እንደሚደረግ አያውቅም። በአንቺ ገንዘብ፣ በአንቺ ሰዓት ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት የምትሰጪው ከሆነም አይሆንም፤ ትንሽ ማስረዳት ግድ ነው፣ ቀሪውን እሱ ራሱ ያንብብ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ከናይጄሪያ፣ ከሕንድ፣ ከኤልሳልቫዶር ቤተሰብ የተወለደች ቴራፒስት። ተዝካር ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሌሊት ሲደውል ሆድ እንዴት እንደሚላወስ ግን ታውቃለች። በእኔ ጊዜ ካየኋቸው የሠመሩ ጥምረቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

ቋንቋውንም አስቢበት። «በእናት ቋንቋ ይሻላል» የሚለውን ሁሉም ሰው ይደግመዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንደሱ ሆኖ አላየሁም። የሚያሳፍረውን ነገር፣ በተለይ የደፈራትን ሰው ጉዳይ፣ በአማርኛ ጀምራ አንደበቷ ተይዞ በእንግሊዝኛ የጨረሰች ሴት ብዙ ናት። በባዕድ ቋንቋ ቃሉ አይለበልብም። ለቅሶው የሚመጣው ግን በአማርኛ ነው። አንቺ ሁለቱንም ስለምትችዪ፣ አማርኛ የማትችል ቴራፒስት ፊትም ቢሆን «ይህን በአማርኛ ልበለው» ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪው፤ ከዚያ ትተረጉሚላታለሽ። ጥሩዎቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ስለ ሃይማኖት እናትሽ የምትፈራውን አውቃለሁ፤ ልጄን ከጸበል ያርቁብኛል ነው። በእኛ ዕድሜ «አማኑኤል ገባ» ማለት ሰውን መቅበር ነበር፤ የአዲስ አበባው ሆስፒታል ስም ስድብ ሆኖ ቀርቶ ነበርና አትፍረጂባት። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በግልጽ አስተምረዋል፤ ለአእምሮ ሕክምና የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ጸበል እንደምትጠጪ፣ ንስሐ አባት እንዳለሽ ለቴራፒስቷ ንገሪያት። ከንፈሯ ከተጣመመ መልሱን አየሽው ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሃይማኖትሽን የሚሰብክልሽ ቴራፒስትም ይቅርብሽ፤ ለስብከቱ ካህን አለሽ።

ብዙዎቹ ቴራፒስቶች አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በነፃ በስልክ ያነጋግራሉ። ይህን ደቂቃ በትሕትና አትጨርሺው። ምን እንደሚያስቸግርሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪና «እንዲህ ያለ ሰው አክመው ያውቃሉ? በምን መንገድ?» በይ። «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። እንደ አንቺ ላለ ድንገተኛ ፍርሃት፣ የምትሸሺውን ነገር ቀስ በቀስ እንድትጋፈጪ የሚያደርገው ሲቢቲ የሚሉት ሕክምና በደንብ የተፈተነ ነው፤ እጅ መታጠብና በር መፈተሽ ላሰለቸው ሰው የራሱ የተለየ አሠራር አለው፤ መከራ ላየ ሰውም እንዲሁ። ደግነት ብቻውን የሚያድን ቢሆን አክስቶችሽ ሁላችን ሐኪም ነበርን።

መጀመሪያ ቀን ወረቀት ያስሞሉሻል። ያለፈውን ሁለት ሳምንት የሚጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፎርም ሳይኖር አይቀርም። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሁሉንም «በጭራሽ» ብሎ ያከብበዋል፤ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ «ለምን አልገባቸውም?» ይላል። እውነቱን አክብቢ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ እንዲያ ያለ ሐሳብ ከመጣብሽ ለመናገር ቀጠሮ አትጠብቂ፤ 988 ማንኛውም ሰዓት ይደወልበታል፣ አስተርጓሚም ይጠየቅበታል። ሌላው ደግሞ ሰውነትሽ ነው። እኛ ኀዘናችን በጨጓራ፣ በራስ ምታት፣ ልብን በሚያቃጥል ነገር ይወጣል። ይህን ስትነግሪያት «ለዚህ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ» ብላ የምትዘጋው ከሆነ ግማሽሽን አልሰማችም።

በአንድ ቀን ግን አትፍረጂ። ሦስት አራት ጊዜ ሄደሽ እዪ። ሁለት ዓይነት መከፋት አለና ለይተሽ እወቂው። አንደኛው ያልነካሽው ቁስል ሲነካ የሚመጣ ነው፤ ወደ ቤት ስትሄጂ ያስለቅስሻል፣ ግን ማታ ላይ ቀለል ይልሻል፣ ወይም ቢያንስ የምታስቢበት ነገር ይኖርሻል። ሁለተኛው ግን ያልተሰማ ሰው መከፋት ነው። ከመሄድሽ በፊት ምን እንደምትመልሺላት በልብሽ ትለማመጃለሽ፤ እንድታዝንልሽ ሳይሆን እንዳታዝንብሽ ትጠነቀቂያለሽ። ይህኛው ሲደጋገም ነገሩን አውጪው። «ባለፈው እንደዚህ ያሉኝ አልተመቸኝም» በይ፤ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ አይጎዳም። ይህን ከማለትሽ በፊት ቴራፒስቷን ገና አላወቅሻትም። ያኔ የምታደርገው ነገር ከዲፕሎማዋ ይበልጣል። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ እስቲ እንየው» ካለች ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። ራሷን መከላከል ከጀመረች፣ ወይም ጥፋቱን ወደ አንቺ ካዞረች፣ መልስሽን አግኝተሻል።

አንድም ቀን ሳትጠብቂ የምትወጪበት ነገር አለ። ከቀጠሮ ውጭ ልገናኝሽ ያለ፣ ስለ ራሱ ትዳር የሚያወራ፣ ቤት ልሽጥልሽ፣ ዕቁብ እንግባ የሚል፣ እጁን የሚሰድ። ለዚህ ማብራሪያም ይቅርታም አያስፈልግም፤ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ክስ ይጻፍበታል።

በሌላው ጊዜ ግን ሳትሰናበቺ አትጥፊ። «አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ሌላ ዓይነት ሰው የሚሻል ይመስለኛል፣ የሚያውቁት አለ?» በቂ ነው። አይከፋቸውም፤ ሥራቸው ነው። ጥሩዎቹ ስም ይሰጡሻል፤ ከፈቀድሽም የጻፉትን ለሚቀጥለው ሰው ይልካሉና ታሪክሽን ከሀ አትጀምሪም። ለአሁኗ ሴትዮም መጀመሪያ «እንጃ» ያልሽኝን ራሱን ንገሪያትና የምትለውን ስሚ። ምናልባት እሷው ትሆንሽ ይሆናል።

እናትሽም ሰው ማነጋገር እንደምትፈልግ ጠቆም አድርጋኛለች፤ አልነገርኩሽም። ለእሷ አስተርጓሚ አንቺ እንዳትሆኚ። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ቢሏት እምቢ ትበል። እናት በልጇ አፍ ስለ ትዳሯ አትናገርም። በስልክ አስተርጓሚ ከሆነ ከፊት ያለ ሰው እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ አስተርጓሚዋን የምታውቃት ከሆነም ሌላ ይቀየርላት፤ እኛ ለምደነዋል፣ ቅር አይለንም። ወንድ አስተርጓሚ ባትፈልግም መናገር ትችላለች። ቀጠሮ ስታስይዢላት ደግሞ «አማርኛ» ብለሽ አስመዝግቢ እንጂ «ኢትዮጵያዊ» ብቻ አትበዪ፤ አንድ ቀን ለአማርኛ ተናጋሪ እናት የኦሮምኛ አስተርጓሚ ልከው ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሳሳቁ ቆይተው ተመልሰዋል።